ወግ አጥባቂው አጎቴ ግራ ናቸው ወይስ ቀኝ?

እስቲ ከጥያቄ እንጀምር። መሬት እንደማንኛውም ሸቀጥ ሊሸጥና ሊገዛ ይገባል? ወይስ አይገባም? መልሳችሁን በልባችሁ ያዙት፤ እንመለስበታለን።

ጥያቄውን ያገኘሁት «ፖለቲካል ኮምፓስ» ከሚባለው የኢንተርኔት ፈተና ነው። ብዙዎቻችሁ ሳትሞክሩት አልቀራችሁም፤ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። 62 ዓረፍተ ነገሮች ይደረድርላችኋል። ለእያንዳንዱ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጣም እቃወማለሁ» ካሉት አራት መልሶች አንዱን ትመርጣላችሁ። ሲያልቅ ካርታ ላይ አንዲት ነጥብ ያስቀምጥላችኋል፦ አግድሙ የኢኮኖሚ ግራና ቀኝ ነው፣ ሽቅቡ ደግሞ ለሥልጣን ያላችሁ አመለካከት፤ ላይኛው ሥልጣን አክባሪ፣ ታችኛው ነፃነት ወዳድ። ከዚያ ውጤቱን ቴሌግራም ላይ ለጥፎ መከራከር ነው። እኔ ያለሁበት የተማሪዎች ግሩፕ ላይ ክርክሩ ሁሌ አንድ ቦታ ነው የሚያልቀው። አንዱ «ወግ አጥባቂ ማለት እኮ ቀኝ ማለት ነው፣ አለቀ» ይላል፤ ሌላው ይናደዳል፤ ሦስተኛው ከግሩፑ ይወጣል።

የኔ ሙያ መካኒካል ምህንድስና ነው፤ ጥናቴም በመለኪያ መሣሪያዎች ላይ ነው። ስለ ፖለቲካ ፍልስፍና የማውቀው ያነበብኩትን ያህል ነው። አንድ መለኪያ ከተሠራበት ቦታ ርቆ ሲሄድ ምን ዓይነት ስህተት እንደሚያመጣ ግን አውቃለሁ። ስለዚህ ይሄን ፈተና እንደ መሣሪያ ልፈትሸው አልኩ። የፈተሽኩት በአጎቴ ነው።

አጎቴ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ፣ በቦርከና ወንዝ በኩል የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። «ወግ አጥባቂ» የሚለው ቃል ልብስ ሆኖ ቢሰፋ በልካቸው ነበር የሚሆነው። ሶላታቸው አያልፍም። ሽማግሌ ሳይቀመጥ ጠብ አይበርድም ብለው ያምናሉ። ልጅ አባቱ ፊት እግሩን አጣምሮ ሲቀመጥ ካዩ ቡናው ራሱ አይጥማቸውም። 62ቱን ዓረፍተ ነገሮች ወደ አማርኛ እየመለስኩ ከአቦል እስከ በረካ አነበብኩላቸው። ስለ ኮከብ ቆጠራ የሚለው ላይ ስንደርስ ሳቁ። ግማሹን ጥያቄ ደግሞ «እንደ ሁኔታው ነዋ!» እያሉ መለሱልኝ። ፈተናው «እንደ ሁኔታው» የሚል ምርጫ የለውም። «ጋሼ፣ የግድ አንዱን መምረጥ አለብዎት» ስላቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ዳኛ ምስክር ሳይሰማ ነው እንዴ የሚፈርደው?» አሉኝ። ለእኔ ይሄ ራሱ ጥሩ ትችት ነው።

የመሬቱ ጥያቄ ላይ ግን አላመነቱም። «መሬት ይሸጣል እንዴ? ልጅ ይሸጣል?» አሉ። «በጣም» የሚለውን መረጥኩላቸው።

ነጥባቸው ከላይ በግራ በኩል አረፈች። ሥልጣን አክባሪ ግራ።

ውጤቱን ግሩፑ ላይ ስለጥፈው ማንም አላመነኝም። በአንድ ሰው ናሙና ጥናት እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ አማካሪዬ ቢሰማ ያባርረኛል። «ወግ አጥባቂ ሁሉ ቀኝ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለማፍረስ ግን አንድ ሰው ይበቃል።

ፍሬን ወደየት ያያል?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት የወረደ ሰው የምለው በቀላሉ ይገባዋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ ማለት ነው። አሁን ስለ አንድ ሚኒባስ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል። አንደኛው፦ የት ደረሰ? ሁለተኛው፦ ሹፌሩ ፍሬን ይዟል ወይ? ሁለቱ ጥያቄዎች አይተካኩም። ፍሬን መያዙን ብቻ ነግሬያችሁ መኪናው የት እንዳለ ልታውቁ አትችሉም። ደሴ ፒያሳ የቆመውም ይዟል፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ የቆመውም ይዟል።

ግራና ቀኝ የቦታ ጥያቄ ነው። ጣሊያናዊው ፈላስፋ ኖርቤርቶ ቦቢዮ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ መለያውን እኩልነት ያደርገዋል። ግራው በሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት ማጥበብ ይፈልጋል፤ ቀኙ ልዩነቱን ተፈጥሯዊ ነው ወይም ይጠቅማል ብሎ ይቀበለዋል። ወግ አጥባቂነት ግን የፍሬን ጥያቄ ነው፦ ያለንበትን ለመልቀቅ ምን ያህል ታመነታላችሁ? አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ ሳሙኤል ሀንቲንግተን እ.ኤ.አ. በ1957 በጻፈው ጽሑፍ ወደዚህ የቀረበ ነገር ተናግሯል። በእሱ አስተያየት ሊበራሊዝምም ሶሻሊዝምም የራሳቸው የሆነ የመልካም ኅብረተሰብ ንድፍ አላቸው፤ ወግ አጥባቂነት ግን የራሱ ንድፍ የለውም። ያለው ሥርዓት ከሥሩ ሲነካ የሚነሳ መከላከያ ነው፤ ሥርዓቱ ምንም ይሁን ምን።

ታዲያ ወግ አጥባቂና ቀኝ ለምን ተጣበቁ? ቃሎቹ በተወለዱበት ጊዜ ፈረንሳይ የነበረችበት ቦታ ነው ምክንያቱ። በ1789 በፈረንሳይ ብሔራዊ ጉባኤ የንጉሡን ሥልጣን የሚደግፉት ከሰብሳቢው በስተቀኝ፣ የሚቃወሙት በስተግራ ተቀመጡ። ያን ጊዜ የነበረው ሥርዓት ንጉሥ፣ መኳንንትና ጭቁን ገበሬ ያለበት፣ እጅግ እኩል ያልሆነ ሥርዓት ነው። እሱን «አትንኩ» ያለ ሰው ሳይወድ በግድ ቀኝ ላይ ይገኛል። መኪናው ደሴ ቆሞ ነበርና ፍሬን የያዘ ሁሉ ደሴ ነበር። በኋላ የመጡ ሰዎች ከዚህ ተነስተው ፍሬን ሁሉ ደሴ ነው አሉ።

መኪናው ሌላ ቦታ ሲቆምስ? እ.ኤ.አ. በ1991 ሞስኮ ላይ መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩትን ኮሚኒስቶች የዓለም ጋዜጦች ምን ብለው እንደጠሯቸው ታስታውሱ ይሆን? እናንተ እንኳ አልተወለዳችሁም፣ አንብባችሁ ከሆነ ነው። «ወግ አጥባቂዎች» ነበር ያሏቸው። ቃሉ ትክክል ነበር፤ ያለውን የሚያስጠብቁ ሰዎች ናቸውና። ሰዎቹ ግን ቀኝ አልነበሩም።

የአማርኛችን ካርታ

እዚህ ላይ የራሳችንን ቃላት ማየት ደስ ይላል። በንጉሡ ዘመን ግራዝማች እና ቀኛዝማች የሚባሉ ማዕረጎች ነበሩ፤ የግራና የቀኝ ጦር አዝማቾች፤ ቀኛዝማች ከግራዝማች ይበልጣል። ግራዝማች ስለተባለ ግን ማንም ግራ ዘመም አልሆነም። ሁለቱም ርስትና ጉልት ያላቸው ባላባቶች ነበሩ።

የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ተማሪዎች አብዮትን በአማርኛ ማውራት ሲጀምሩ ደግሞ በጣም የተጠቀሙበት ጥንድ ቃል ግራና ቀኝ አልነበረም። ተራማጅ እና አድሃሪ ነበር። ልብ በሉ፣ ሁለቱም የእንቅስቃሴ ቃላት ናቸው። ተራማጅ ወደፊት የሚራመድ፤ አድሃሪ ወደ ኋላ የሚመልስ። ማለትም የኛ ሰዎች ከቦታው ይልቅ ማርሹንና ፍሬኑን ነው የሰየሙት። ቃሉ እንደ ቃል ከፈረንሳዩ ወንበር የተሻለ ነው ባይ ነኝ። አጠቃቀሙ ግን ሌላ ነው። መንገዱ አንድ ብቻ ነው ተብሎ ስለታመነ ቆሞ ማሰብ የፈለገም፣ ወደ ጎን የታጠፈም፣ ቀድሞ የሮጠም አንድ ላይ «አድሃሪ» ተባለ። በቀይ ሽብር ጊዜ ይሄ ስም የሰው ነፍስ አስከፍሏል፤ ደሴም አልቀረላትም። ሰውን የት እንደምናስቀምጠው መከራከር የቴሌግራም ጨዋታ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ የዚያ ትውልድ ስመ ጥር የሆነው ዋለልኝ መኮንን የተማረው ደሴ ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ነው። ወይዘሮ ስህን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። በመኳንንት ስም የተጠራ ትምህርት ቤት መኳንንትን የሚያፈርስ ተማሪ አወጣ። የደሴ ልጆች ይሄን ሲያወሩ ለምን ፈገግ እንደሚሉ አሁን ገባችሁ።)

የካቲት 25

አሁን ወደ መሬት እንመለስ፤ ነገሩ የሚፈታው እዚህ ነው።

«መሬት ለአራሹ» የሚለው መፈክር በየካቲት 1957 አዲስ አበባ ላይ ሲስተጋባ መሬት በርስት፣ በጉልት፣ በመንግሥትና በባላባት እጅ ነበር። ብዙ ሰው ጭሰኛ ነበር። በዚያ ዘመን «ያለው ይቆይ» ያለ ሰው የባላባቱን ድርሻ ያስጠብቃል። ወግ አጥባቂም ነው፣ ቀኝም ነው። ልክ እንደ ፈረንሳይ። በ1965 እና 66 ወሎ በረሃብ ስታልቅ ያ ሥርዓት የነበረውን የመጨረሻ ማመካኛ አጣ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ደርግ የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሀብት የሚያደርገውን አዋጅ ቁጥር 31 አወጣ። ጭሰኝነት ቀረ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደረገ። መሬት መሸጥ፣ ማስያዝ፣ ማከራየት ተከለከለ። በአንድ ቀን አገሪቱ በመሬት ጉዳይ ከካርታው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደች። አዋጁ ከመውጣቱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ፣ የካቲት 11፣ ደርግን በኋላ የሚጥለው ሕወሓት ተመሥርቷል። ደርግ በ1983 ወደቀ፤ ባንዲራው ተቀየረ፣ መዝሙሩ ተቀየረ፣ ሐውልቶች ወረዱ። የመሬቱ ነገር ግን ከዋናው አልተነካም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የጋራ ንብረት ነው ይላል። በ1997ቱ ምርጫ ቅንጅት የመሬት ፖሊሲው ይቀየር ሲል፣ «አይሆንም፣ ገበሬው ይፈናቀላል» ብሎ የቆመው ኢሕአዴግ ነበር። ከተማሪዎቹ ንቅናቄ የወጣ፣ በማርክስ ያደገ ድርጅት፣ በመሬት ጉዳይ የአገሪቱ ዋና ወግ አጥባቂ ሆነ!

እንግዲህ አጎቴን እዩዋቸው። አዋጁ ሲወጣ ልጅ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያውቁት መሬት የማይሸጥበትን አገር ነው። የይዞታ ደብተራቸውን ከቁርኣኑ ጎን ሳጥን ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። ለሳቸው «መሬት አይሸጥም» ማለት አብዮት አይደለም፣ ወግ ነው። አባታቸው የነገሯቸው፣ ጎረቤታቸው የሚያውቀው፣ ሕጉም የሚለው።

አሁን ኦስሎ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ተማሪን አስቡ። እሷም «መሬት አይሸጥም» ለሚለው «በጣም እስማማለሁ» አለች እንበል። እሷ አገር መሬት ይሸጣል፤ ስለዚህ የምትለው ያለውን ሥርዓት ከሥሩ ንቀሉት ነው። አጎቴ የሚሉት አትንኩት ነው። ፈተናው ለሁለቱም አንድ ዓይነት ምልክት ይሰጣቸዋል። አብዮትንና ቆሞ መቅረትን በአንድ ቁጥር የሚጽፍ መሣሪያ ወግ አጥባቂነትን ለካሁ ሊል አይችልም። የገበያ ነጋዴ እንኳ በርበሬ ከመመዘኑ በፊት ባዶውን ሰሃን አይቶ ሚዛኑን ዜሮ ያደርጋል። ይሄ ፈተና የትኛው አገር ላይ እንደቆመ ሳይጠይቅ ነው የሚመዝነው።

ለፍትሕ ያህል፣ ፈተናው ራሱ «ወግ አጥባቂነትን እለካለሁ» አይልም፤ ሁለቱ መስመሮቹ ሌላ ስም ነው ያላቸው። አንዱን መስመር ለሁለት መክፈሉም በጎ ነው፤ ባይከፈል ኖሮ የአጎቴ ነጥብ ከእነጭርሱ ትርጉም ባልኖራት። ጥፋቱ ይበልጥ የኛ የአንባቢዎቹ ነው፤ ካርታው ላይ የሌለን ነገር ቀኝ ጥግ ላይ እናነብበታለን። የቆየ ጥፋትም ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሀንስ አይዘንክ ሁለት መስመር ያለው ካርታ ሲሠራ አንዱን መስመር ከሥር ነቀል እስከ ወግ አጥባቂ ብሎ ሰይሞ ግራና ቀኝን እዚያው ላይ ጫነው። ቦታን ከፍሬን ጋር ሰፋው።

ቅሬ እና ጓዳ

«እሺ፣ መሬት የተለየ ነገር ነው» ትሉኝ ይሆናል። ቅሬን እንይ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎ ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት ቀብር የሚያስፈጽም፣ ሐዘንተኛን የሚያጽናና፣ ድንኳንና ዕቃ ያለው፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት አንድ ላይ የሚሆንበትም ብዙ ነው። ከቅሬ የበለጠ ወግ የት ይገኛል? ግን አሠራሩን እዩት። ባለሱቁም ቀን ሠራተኛውም የሚያዋጡት እኩል ነው፤ ቀብራቸውም እኩል ይቆማል። በቦቢዮ ሚዛን ይሄ ግራ ነው። ቅሬን እንደ ጥንቱ ላቆይ የሚል ሽማግሌ ወግ አጥባቂ ነው፤ የሚያስጠብቀው ግን እኩልነትን ነው። (ቅሬ ለስላሳ ነገር እንዳይመስላችሁ። ደንብ የጣሰን ሰው ቀብር አንወጣም ማለት ይችላል፤ ያ ደግሞ ከፖሊስ ይከብዳል። የአጎቴ ነጥብ ወደ ላይ የወጣችው ያለ ምክንያት አይደለም።)

ወደ ጓዳ ስንገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ፈተናው እናት ሥራ ቢኖራትም የመጀመሪያ ግዴታዋ ቤቷ ነው የሚል ሐሳብ አለው። አጎቴ ተስማሙ። አክስቴ ቡናውን እየቀዳች ዝም አለች። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር፤ በ1992 የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም፣ በ1995 የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም ይሄን ቀይረው ባልና ሚስትን እኩል አድርገዋል። አጎቴ እዚህ ላይ ፍሬን የያዙት የድሮው ሕግ ላይ ነው። የታላቋ ልጃቸው ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመው «ቤቱን ማን ይያዝ?» ተብሎ ነው። ይሄን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም፤ የምወዳቸው ሰው ናቸው። ግን ያው እግር ነው ያው ፍሬን ላይ ያረፈው፦ መሬት ላይ እኩልነትን ያስጠብቃል፣ ጓዳ ውስጥ የበላይነትን። እሳቸውን በአንዲት ነጥብ መሳል አማካይ ሙቀት እንደመንገር ነው፤ እጃችሁ እሳት ውስጥ፣ እግራችሁ በረዶ ውስጥ ሆኖ «በአማካይ ደህና ናችሁ» እንደማለት።

እዚህ ላይ የሚገባኝ ተቃውሞ አለ። ወግ አጥባቂነት ፍሬን ብቻ ከሆነ ሐሳብ አይደለም ማለት ነው? እንደዚያ አልልም። የአየርላንድ ተወላጁ ኤድመንድ በርክ በ1790 የፈረንሳይን አብዮት ሲተች ያነሳው ነገር ክብደት አለው። የቆየ ልማድ ማንም አንድ ሰው ተቀምጦ የማይፈጥረው የብዙ ትውልድ ሙከራ ውጤት ነውና ሳታውቁት አታፍርሱት ነው ነገሩ። መሐንዲስ ይሄ ይገባዋል፤ ሥዕሉ የጠፋበትን ማሽን ስትፈቱ የማይረባ የሚመስለውን ብሎን ቀድማችሁ አትጥሉም። በዚህ ላይ ሀንቲንግተን ትንሽ ያቃለለው ይመስለኛል። ግን የበርክ ሐሳብም ቢሆን የትኛው ልማድ ይቆይ አይልም። ጀርመናዊው ቢስማርክ የወግ አጥባቂዎች ቁንጮ ሆኖ በ1883 ለሠራተኞች የጤና መድን አወጣ፤ ሥርዓቱ እንዳይናድ ብሎ። ፍሬን የያዘ ሰው መሪውን ወደ ግራ ሊያዞር ይችላል።

ሌላም ሐቀኛ መሆን ያለብኝ ነገር አለ። የመንግሥት የመሬት ባለቤትነት በርግጥ ግራ ነው ወይ? በገበሬና በገበሬ መካከል ያለውን ልዩነት አጥብቧል። በገበሬና በባለሥልጣን መካከልስ? «ገበሬው የመንግሥት ጭሰኛ ሆነ» የሚሉ ተቺዎች ያሉት ለዚህ ነው፤ ቀላል ክርክር አይደለም። ቦታውን ለመወሰን እንኳ የማንን እኩልነት ከማን ጋር እንደምንለካ መናገር አለብን።

እኔ ፈተናውን ብሠራው ኖሮ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ሁለት ነገር እጠይቅ ነበር፦ የት መሆን አለብን ትላላችሁ? አሁን የት ያለን ይመስላችኋል? የመጀመሪያው ግራና ቀኛችሁን ይነግረኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ፍሬናችሁን። የአጎቴ የመሬት ርቀት ዜሮ ነው። የኦስሎዋ ልጅ ሰፊ ነው። ለሁሉም ጉዳይ ተደምሮ አንድ ቁጥር አልሰጥም፤ ለምን እንደሆነ ከላይ አይታችኋል።

የአጎቴ ሁለተኛ ልጅ፣ የአክስቴ ዝምታ ወራሽ የሚመስለው፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥሮ ይሠራል። የራሱን የእንጨት ሥራ ቤት መክፈት ይፈልጋል። በ2016 የወጣው አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ መሬቱን መሸጥ ባይፈቅድም የመጠቀም መብቱን በዋስትና አስይዞ መበደርን ፈቅዷል። ልጁ ይሄን ሰምቶ መጣ። የብድሩን ስሌት በወረቀት ሠርቶ አሳያቸው፤ እኔም ወለዱን አብሬ አሰላሁ፤ ስህተት የለውም። አጎቴ ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና «ዛሬ ማስያዝ ካሉ ነገ ምን ይላሉ?» ብለው መለሱለት። ልጁ ተናዶ «አድሃሪ» አላቸው፤ ቃሉን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ እሱ ሲወለድ ደርግ ከወደቀ ቆይቷል። አጎቴ ግን ቃሉን ያውቁታል። ለሁለት ሳምንት አልተነጋገሩም።

በነፃ ገበያ ካርታ ላይ ልጁ ከአባቱ ቀኝ ነው። በአማርኛው ቃል ደግሞ ተራማጁ እሱ ነው። ባለፈው ዓርብ ስሄድ አብረው ምሳ ሲበሉ አገኘኋቸው። ወረቀቱ አሁንም ሳጥኑ ውስጥ፣ ደብተሩ ላይ ተቀምጧል፤ አልተፈረመበትም፣ አልተቀደደምም።